“አይዞህ” ብቻ ለምን አይበቃም? ስለ ጭንቀትና ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና

የፈተና ወይም የፕሬዘንቴሽን ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ እምቢ ያላለው ተማሪ ካለ ጥቂት ነው። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ አፍ ይደርቃል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ሰውነታችን አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ልብና ትንፋሽ ይፈጥናሉ፣ ጡንቻም ለሩጫ ይዘጋጃል። ጅብ ለገጠመው ሰው ይህ ሕይወት አዳኝ ነው። ችግሩ ሰውነታችን ጅብንና የክፍል ጓደኞቹን ሳይለይ ሲቀር ነው።

ትንሽ ጭንቀትማ ባይኖር ማን ያጠና ነበር? ጭንቀት የጤና ችግር ሆነ የሚባለው ከምክንያቱ በላይ ሲገዝፍ፣ ለወራት ሲቆይና ትምህርትን፣ እንቅልፍንና ማኅበራዊ ኑሮን ሲያውክ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ክላስ ፊት ቆሞ መናገር ይፈራል እንበል። ተራው ሲደርስ “አሞኛል” ብሎ ይቀራል። ወዲያውም እፎይ ይላል። ጉደኛዋ ይህች እፎይታ ናት! አእምሮው “ያዳነኝ መቅረቴ ነው” ብሎ ይማራል፤ ቢናገር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ግን የማየት ዕድል አላገኘም። ስለዚህ ፍርሃቱ በሚቀጥለው ጊዜ ጨምሮ ይመጣል። መጀመሪያ ፕሬዘንቴሽን ነበር፤ ቀጥሎ ጥያቄ መጠየቅ፣ ከዚያ የቡድን ሥራ፣ በመጨረሻም ኮርሱን መተው ይከተላል። ጭንቀትን የሚቀልበው ሽሽት ነው ማለት ይቻላል።

ጓደኞቹ “አይዞህ፣ አታስበው” ይሉታል። ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሽሽቱን አያቆምም።

ሕክምናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ኮቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል ስለሚፈራ ፒተር ስለተባለ ሕፃን ጽፋ ነበር። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን ከሩቅ ጀምራ ቀስ በቀስ አቀረበችለት፤ በመጨረሻም በእጁ እስከ መዳሰስ ደረሰ። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ በ1950ዎቹ ይህንኑ መንገድ በደረጃ የተቀመጠ ሕክምና አደረገው። በ1960ዎቹ ደግሞ አሮን ቤክ ስሜትን የሚያባብሱ አስተሳሰቦችን ከሕመምተኛው ጋር አብሮ የመመርመር ዘዴን አመጣ። የዛሬው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ሁለቱን ያጣምራል።

የኛ ተማሪ ወደ ባለሙያ ቢሄድ መጀመሪያ ሐሳቡን በወረቀት ያሰፍራል፦ “ብሳሳት ሁሉም ይስቁብኛል።” ቀጥሎ ይጠየቃል፦ ባለፈው ሌላ ተማሪ ሲሳሳት አንተ ስቀህበታል? ስህተቱንስ ዛሬ ታስታውሰዋለህ? ከዚያ መሰላል ይሠራሉ። ዶርም ውስጥ ለአንድ ጓደኛ ማንበብ፣ ለሦስት ሰው መናገር፣ ክላስ ውስጥ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፣ በመጨረሻም አምስት ደቂቃ ማቅረብ። በየደረጃው ሳይሸሽ ይቆያል፤ የፈራው ነገር እንዳልደረሰ በዓይኑ ያያል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን እየተደረገ ጥቂት ወራት ይወስዳል፤ የቤት ሥራም አለው። መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውም አሉ፤ ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው። የታይሮይድ እጢ ሕመም፣ ብዙ ቡናና ጫትም ጭንቀት የሚመስል የልብ ምት ስለሚያመጡ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። የሕክምናው ግብ ፍርሃትን ጨርሶ ማጥፋት አይደለም፤ እየፈሩም ቢሆን መሥራት መቻል ነው።

ብዙዎቻችን “አማኑኤል” የሚለውን የሆስፒታል ስም እንደ ስድብ እየሰማን ነው ያደግነው። በዚህ የተነሳ ሰው ችግሩን እየደበቀ ይቆይና ትምህርቱን ካቋረጠ በኋላ ነው የምንሰማው። እርዳታ መጠየቅ እብደት አይደለም።

እኛ የዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ገና ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም አንድ የምንችለው ነገር አለ። ጓደኛችን “ዛሬ አልገባም፣ አቴንዳንስ ፈርሙልኝ” ሲለን፣ ከመፈረማችን በፊት ለምን እንደሆነ እንጠይቀው። ፍርሃት ከሆነ አብረነው እንግባ፤ ከበረታበትም ወደ ካውንስሊንግ ቢሮ አብረነው እንሂድ። ፊርማው ለአንድ ቀን እፎይ ያሰኘዋል፤ ፍርሃቱን ግን ለከርሞ ያሻግርለታል።