ስፖኪዮው የት ይግባ? ቮልስ ለሚያድሱ

ያረጀ ቮልስዋገን የሚያድስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆጨው መጨረሻ ላይ ነው። ቀለሙ ደርቆ ካበራ በኋላ ትራፓኖ ይመጣል፤ ለአንቴናና ለጌጥ ሲበሳ ቀለሙ ይላጣል፣ በተላጠው ላሜራ በኩል ክረምቱ ዝገት ያስገባል። ስለዚህ ቀዳዳ ሁሉ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይለቅ።

ደግሞም አብዛኛውን ቦታ ፋብሪካው ወስኖታል። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 በነበሩት ሞዴሎች የሾፌሩ ስፖኪዮ የሚታሰረው በበሩ የላይኛው ማጠፊያ ላይ ነው፤ በሩ አይበሳም። ከ1968 ሞዴል ወዲህ ግን በሩ ላይ ሆነ። አሮጌ በሩ ተበስቶ አዲስ ስፖኪዮ የተሰቀለበት ቮልስ፣ ለሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይታወቃል። የድሮ ስቱኮ ሲፋቅ የኮፈኑ አርማና የጎኑ ኒኬል የነበሩበት ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ ላሜራ ሠሪው በይዶ ሳይደፍነው ካርቶን ለጥፋችሁ ቦታውን ቅዱት።

የእኛ ቮልሶች ችግር ሌላ ነው። ስንት ጊዜ ተጋጭተው ስንት ጊዜ ተቀጥቅጠዋል! የግራው ፓራፋንጎ ከቀኙ አይመሳሰልም፤ ከጠርዙ የተለካ መብራት ይንሻፈፋል። ከኮፈኑ መካከል ክር ዘርግታችሁ ከዚያ ለኩ፣ ቦታውን በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁማችሁ አሥር እርምጃ ራቁና እዩ። ሜትሩና ዓይኔ ካልተስማሙ እኔ ዓይኔን አምናለሁ። መኪና በሜትር የሚያይ መንገደኛ የለም።

የጉም መብራት ግን ለዓይን አይተውም። ደጋ ላይ ጉም አለ፤ ለምሳሌ ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ከወረታ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ጉም ሲወርድ ከፍ ብሎ የተሰቀለ መብራት ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ የሾፌሩን ዓይን ይወጋል። ቦታው ከዋናው መብራት በታች፣ ፓራውልቱ አጠገብ ነው፤ ፊቱም ትንሽ ወደ መሬት ያዘንብል። መኪናዋ 6 ቮልት ከሆነች (እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት በብዛት እንደዚያ ናቸው) ትልቅ መብራት አትጫኑባት፤ ዲናሞው አይችለውም።

ፖርቶ መጋላ መብሳት አይፈልግም፤ የጣሪያው ውሃ መውረጃ ጠርዝ ላይ ይቆነጠጣል። ነፋሱ ግን ከሥር እየገባ ያነሣዋል። ወደ ንፋስ መውጫ የምትወጡ ከሆነ መንገድ ላይ ደብረ ታቦር ስትደርሱ ወርዳችሁ ብሎኑን አጥብቁ።