ለያሆዴ ከመውረድዎ በፊት የፍሬኑን ነገር

መስከረም ሲጠባ በቡታጅራና በወራቤ አድርገው ለያሆዴ ወደ ፎንቆና ሆሳዕና፣ ለመሳላ ደግሞ ወደ ዱራሜ ከሚወርዱት ቤተሰቦች አንዱ የእርስዎ ይሆን? እንግዲያው የሚያደርስዎት ቤት የቆየችው ላንድክሩዘር ሳትሆን አትቀርም። ልጆች ከኋላ፣ ሻንጣ ጣሪያ ላይ፤ ሲመለሱ ደግሞ ቆጮውና ቅቤው ይጨመራል። ይህን ሁሉ ጭነት የሚያቆሙት መዳፍ የሚያክሉ ጥቂት የፍሬን ሸራዎች ናቸው።

ብዙዎቻችን ከመንገድ በፊት የሞተር ዘይትና ጎማ እናሳያለን፤ ፍሬኑ “ይይዛል” ከተባለ በቃ። ከተማ ውስጥ የሚይዝ ፍሬን ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሊከዳ ይችላል። አንዱ ምክንያት የፍሬን ዘይቱ ነው። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ሆሳዕና ወደ ሃላባ ቁሊቶ ሲወርዱ ፍሬን ላይ ተኝተው ከቆዩ ዲስኩ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩ፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ።

ኮፈኑን ከፍተው ማየት የእርስዎ ሥራ ነው። ዘይቱ እንደ ቡና ከጠቆረ ጊዜው አልፏል። ከዝቅተኛው ምልክት ወርዶ ካገኙት ደግሞ ዝም ብለው አይሙሉት፤ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል።

ጎማ ለማውጣት ካሰቡ አንድ ነገር ይወቁ። በድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደርና በአንዳንድ የድሮ ላንድክሩዘሮች የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ከተነሣ፣ የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ እንኳ መኪናዋ ከክሪክ ላይ ልትንሸራተት ትችላለች። ሜዳ ቦታ ይምረጡ፣ መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ያስደግፉ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ልጆችም ይራቁ።

የፊቱን ሸራ ውፍረት በማስመሪያ ይለኩ። ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከተጠጋ ይቀየር፤ ሁልጊዜም የግራና የቀኙ አንድ ላይ። አቧራውን በትንፋሽ አይንፉት፣ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ሸራ ሲገዙ በካርቶኑ አይማረኩ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ካርቶን ማሳመር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። አሮጌውን ይዘው ሄደው ያመሳክሩ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ።

አዲሱን ከገጠሙ በኋላ፣ ሞተር አስነሥተው ከመንቀሳቀስዎ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያው ረገጣ ባዶ ይሆንበታል፣ ያውም ግቢው በር ላይ!

የኋላው ታምቡር፣ የዘይት ቱቦዎችና አየር ማስወጣት ግን፣ እኔን ከጠየቁ፣ የመካኒክ ናቸው። ፔዳሉ ስፖንጅ ከመሰለ ወይም መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ከሳበች ወደ ጋራዥ ይውሰዷት። ይህንንም ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያድርጉት፤ በበዓል ዋዜማ መለዋወጫ ፍለጋ መሯሯጥ አይመችም።