ተጨማሪ መረጃ፦ ቤቱ ሲሸጥ መሬቱ ምን ይሆናል?

ተማሪዎች፣ በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ አንድ ሰው ቤቱን ሸጠ ሲባል የሸጠው ምኑን ነው? በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገዢ የሚያገኘው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ለተወሰነ ዘመን በውል የሚሰጥ የከተማ ቦታ የመጠቀም መብት ሊዝ ይባላል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ዘመኑ ሐዋሳን በመሰሉ ከተሞች ለመኖሪያ ቤት 99፣ ለኢንዱስትሪ 80፣ ለንግድ 70 ዓመት ነው።

በሊዝ ሳይሆን ቀደም ባለው ሥርዓት የተያዘ ቦታ ደግሞ ነባር ይዞታ ይባላል። ብዙ ገዢዎች የሚደናገጡት እዚህ ላይ ነው። አባት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤቱን ለልጁ ቢያወርስ ይዞታው ነባር እንደሆነ ይቀጥላል፤ ለጎረቤት ቢሸጠው ግን ወደ ሊዝ ይገባል። ስለዚህ ገዢው ከቤቱ ዋጋ ሌላ የሊዝ ክፍያ ይጠብቀዋል።

በሊዝ ያገኘውን የመጠቀም መብት ግንባታውን ከግማሽ ሳያደርስ የሚሸጥ ሰውም ትርፉ በሙሉ አይቀርለትም። የከፈለው ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራው ግንባታ ዋጋና ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ይሰጠዋል፤ ቀሪው ለመንግሥት ይገባል። መሬት አጥሮ ዋጋ መጠበቅን ለመግታት የወጣ ስለሆነ ድንጋጌው ተገቢ ነው።

ሞክሩ፦ በቤታችሁ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ካለ ከወላጆቻችሁ ጋር ተመልከቱት። ይዞታው ሊዝ ነው ወይስ ነባር? ሊዝ ከሆነ ስንት ዓመት እንደቀረው አስሉ።