ደላላው ሽማግሌ ሲልክ

ባለፈው ዓመት የረመዳንን የመጨረሻ ሳምንት ያሳለፍኩት ኮምቦልቻ አጠገብ አክስቴ ዘንድ ነው። አንድ ምሽት ቴምሩ ተቀምጦ፣ ሾርባው ወጥቶ የመግሪብን አዛን ስንጠብቅ አራት ሽማግሌዎች በር ላይ ሰላምታ ሰጡ። ለኢፍጣር የመጣ እንግዳ በረካ ነውና ማንም ለምን መጣችሁ አላለም። አፈጠርን፤ ተሰገደ፤ ቡና ቀረበ። ከዚያ በዕድሜ የገፉት ሼኽ ረጅም ዱዓ ካደረጉ በኋላ ነገሩን አወጡት። «አፉ በሉት። ወሩ የይቅርታ ወር ነው። እሱም የልጆች አባት ነው» አሉ።

አፉ ይባል የተባለው ደላላው ነው።

የአክስቴ ትንሿ ልጅ ከቤት ስትወጣ 16 ዓመቷ ነበር። ደላላው ባዕድ አይደለም። ከቤታቸው ሦስት አጥር አልፎ የሚኖር፣ ከአባቷ ጋር አንድ ሶፍ ላይ የሚሰግድ ሰው ነው። «ብሩን ሳዑዲ ገብተሽ፣ ሠርተሽ ትከፍያለሽ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አላት። በሚሌና በሎጊያ አድርጋ፣ ገላፊን አልፋ፣ የጅቡቲን በረሃ በእግሯ አቋርጣ ኦቦክ ደረሰች። ከዚያ በጀልባ የመን። የመን ላይ የተቀበሏት ሰዎች ቤት ዘግተውባት ወደ አባቷ ስልክ አስደወሏት። ቤተሰቡ በሬዎቹን ሸጠ፤ መሬቱን አከራየ፤ ከዘመድ ተበደረ። ሳዑዲ ገብታ ሰው ቤት ስትሠራ ከቆየች በኋላ ተይዛ ታሰረች፤ በመጨረሻም ከተመላሾች ጋር ቦሌ ወረደች። የመጓጓዣ ገንዘብ ተሰጥቷት አገሯ ገባች። ከዚያ ወዲህ «እንዴት ነሽ?» ብሎ የመጣ መሥሪያ ቤት አልነበረም። አባቷ ግን ፖሊስ ዘንድ ሄዶ አመለከተ፤ ዐቃቤ ሕግም ክስ መሠረተ። ሽማግሌዎቹ የመጡት የምስክር መስማት ቀጠሮው ሲቃረብ ነው።

መንግሥት በዚህ ጉዳይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል ማለት አይቻልም። መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። ኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማባረር ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በዚያው ሰሞን መንግሥት ለቤት ሠራተኝነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ዘለቀ። የታሰበው ዜጋን ከጉዳት ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን ሕጋዊው በር ሲዘጋ ክፍት ሆኖ የቀረው የደላላው በር ነበር፤ ልጆቹም በዚያው ወጡ። መጋቢት 2014 ዓ.ም. መንግሥት ሳዑዲ ያሉ 100 ሺህ ያህል ዜጎችን ለመመለስ ከአገሪቱ ጋር እንደገና መስማማቱ፣ የመጀመሪያው ምላሽ መንገዱን እንዳልዘጋው ይናገራል።

ሕጉ በሁለት ዙር ተጽፏል። በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 909 ወጣ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1178 ተተካ። ይህ አዋጅ ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርንና በሰው መነገድን ለይቶ ያስቀምጣል። በሰው መነገድ ማለት በማታለል፣ በማስገደድ ወይም ሰው የገባበትን ችግር በመጠቀም ለጉልበት ወይም ለወሲብ ብዝበዛ አሳልፎ መስጠት ነው። ተጎጂዋ ሴት ወይም ሕፃን ስትሆን ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ተጎጂዋ ድንበር ያለ ፈቃድ በማለፏ አትከሰስም። «ተስማምታ ነበር» ማለትም ለነጋዴው መከላከያ አይሆነውም። ደላሎች ዘወትር የሚመረኮዙት «ወዳ ነው የሄደችው» በሚለው ነበርና ሕጉ ምርኩዙን ነጥቋቸዋል። በወረቀት ላይ፣ እንግዲህ፣ ነገሩ የተሟላ ይመስላል።

የሚበላሸው ምስክሩ ዘንድ ሲደርስ ነው። ደላላ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ውል አይጽፍም፤ ገንዘቡ በእጅ ነው፤ የየመኑ ስልክ ተዘግቷል። በእንዲህ ያለ ክስ ዐቃቤ ሕግ እጅ ያለው የልጅቱ ቃል ነው። እሷ ካልቀረበች መዝገቡ ባዶ ይሆናል። ለምስክሮች ጥበቃ በ2003 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 699 አለ። ይህ ሕግ ግን ከዛቻና ከጥቃት እንዲያድን የታሰበ ነው። ሦስት አጥር አልፎ ለሚኖር ሰው፣ ኢፍጣር ላይ በዱዓ ታጅቦ የሚቀርብ ልመና ከዛቻ አይቆጠርም። ጉልበቱ ግን ከዛቻ አያንስም።

ምስክር ሲቆም ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። ሊቢያ ባኒ ወሊድ ውስጥ ስደተኞችን አግቶ ከቤተሰቦቻቸው ገንዘብ ያስከፍል የነበረው ኤርትራዊው ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተያዘው፣ እጁ ላይ ከወደቁት አንዱ መንገድ ላይ አይቶ ስላወቀው ነው። ያ ሰው አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ይችል ነበር፤ ለፖሊስ ተናገረ። የካቲት 2013 ዓ.ም. ተከሳሹ ከፍርድ ቤት ግቢ አመለጠ፤ በሌለበትም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ እንደገና ተያዘ። ስደተኛው ድርሻውን ተወጥቷል። ያመለጠው ከመንግሥት ጥበቃ ነው።

ረመዳን ለደላላም የገበያ ወር ነው። ሳዑዲ ውስጥ ወሩ ሲቃረብ የቤት ሠራተኛ ፈላጊው ይበዛል። እንግዳው ብዙ፣ ምግቡ ዓይነቱ ብዙ፣ ሌሊቱ እስከ ሱሁር ነው። ወረቀት የሌላት ልጅ ለዚያ አንድ ወር የተሻለ ይከፈልሻል ተብላ ከቤት ወደ ቤት ትተላለፋለች። ሪያድና ኮምቦልቻ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ እዚህ ቴምር ስትቀምስ እናት፣ ልጇ እዚያ ማዕድ እያቀረበች መሆኑን ታውቃለች። ዑምራ ብሎ ሄዶ እዚያው መቅረትም በየሰፈሩ የሚታወቅ ነገር ነው። የኢባዳውን ጉዞ ለዚህ ሥራ መሸፈኛ ማድረጋቸው እኔን ከሌላው ሁሉ ያንገበግበኛል።

ሕጋዊው መንገድ አሁን አለ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይመዘግባል፤ ተመዝጋቢዋ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፤ ሥልጠና ወስዳ የብቃት ማረጋገጫ ትይዛለች። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 መሠረት ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱን፣ መድኅኑንም የሚከፍለው አሠሪው ነው። የሠራተኛዋ ወጪ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የመሳሰለው ብቻ ነው። ስለዚህ ለቪዛና ለትኬት ብር አምጪ ያለ ሰው ካለ፣ በዚያች ቅጽበት ማንነቱ ታውቋል። ደላላው ግን የሚያሸንፍበት ሌላ ነገር አለው። ዕድሜ አይጠይቅም፤ ወረፋ አያስጠብቅም፤ ብሩንም ቆይተሽ ትከፍያለሽ ይላል።

ሽማግሌዎቹን ልኮነን አልፈልግም። ሽምግልና ወሎ ውስጥ ስንት ደም አድርቋል። የማይገባኝ የይቅርታው ባለቤት ማን እንደሆነ አለመጠየቁ ነው። የሰው ሐቅ አለና፤ እሱን አፉ የሚለው ሐቁ የተወሰደበት ሰው ነው። አራቱ ሰዎች ያን ምሽት ያነጋገሩት አባቷን ነበር። የይቅርታውን ዋጋም ቆርጠው መጥተዋል፤ ደላላው ከብሩ እኩሌታውን ይመልሳል። እኩሌታው ቢመለስ ለበሬዎቹ ዋጋ እንኳ አይበቃም። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል በባርነት ያሉና ዕዳ ያጎበጣቸው ይገኙበታል፤ የዚህን ቤት ዕዳ መስጊዱ በዚያ በኩል ቢያየው ኖሮ የደላላው እኩሌታ ይህን ያህል ባላጓጓ ነበር። አባትየው አንገቱን ደፍቶ ቆየ። እንደሚቀበል ገባኝ።

«ለምን እሷን አትጠይቋትም?» አለች አክስቴ።

ልጅቱ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠች። «አባቶቼ፣ አክብሬአችሁ ነው የምናገረው» አለች። «የመን ተዘግቶብኝ ሳለሁ ሦስት ጊዜ ደውዬለታለሁ። አንስቶ ድምፄን ሲሰማ ይዘጋዋል። አፉ ልበለው አልበለው የእኔና የአላህ ጉዳይ ነው። ቀጠሮው ግን የፍርድ ቤት ነው፤ እሄዳለሁ።» ቡናውን አዳረሰች። ሼኹ ስኒያቸውን ይዘው ትንሽ ዝም አሉና ተራዊህ እንዳያልፋቸው ተነሡ። ሲወጡ ልጅቱን ራሷ ላይ ዳበሷት፤ ምንም አላሉም።

ከኢድ በኋላ አዲስ አበባ ሆኜ ደወልኩ። ከእናቷ ጋር በጠዋት ተሳፍራ ሄዳ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቃ ቃሏን ሰጥታለች። መዝገቡ ለሌላ ወር ተቀጠረ። አብሯት የሄደው የጎረቤት ልጅ ሁለተኛው ምስክር ነበር፤ አልቀረበም። ሽማግሌዎቹ በነጋታው እነሱም ቤት አፍጥረው ነበር።