አስናቀች ወርቁ፦ ከክራሩ ይልቅ መድረኩ

ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ተቀምጦ የአስናቀች ወርቁን ስም ያነሣ ሰው ስለ ክራሯ ማውራቱ አይቀርም። አያስገርምም፤ ዜማዋ ተቀርጿል። ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጋር የተቀዳው ሥራዋ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 16ኛ አልበም ሆኖ ባሕር ተሻግሯል። ተዋናይቱ አስናቀች ግን መጋረጃው በወረደ ቁጥር አብራ ወርዳለች። ይሁንና ለዚህ አገር ጥበብ የዋለችው ትልቁ ውለታ የመድረኩ ነው ባይ ነኝ።

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም ፋቡላ የተሰኘውን ተውኔት ከጻፉ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ነጠላ ተከናንቦ፣ ድምፁን አቅጥኖ ልጇን ያጣች እናት የሚሆን ጎረምሳ የቱንም ያህል ቢችል፣ ተመልካቹ ከሐዘኑ ይልቅ ጎረምሳውን ማየቱ የት ይቀራል? አስናቀች በ1940ዎቹ አጋማሽ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ተውኔት መድረክ ላይ ወጣች። በ1948 ዓ.ም ከተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ዕውቅ ተዋንያንም አንዷ ሆነች።

«ሴት በሕዝብ ፊት መጫወት የጀመረችው በአስናቀች ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በጣና ዙሪያና በጎንደር የአዝማሪ ሴቶች ከእሷ በፊትም ነበሩ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። አዝማሪ ቤት እንግዳው ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኟ ትቀበላለች፤ ነገሩ ከከረረባትም በሰምና ወርቅ አጸፋውን ትመልሳለች፣ ቤቱም በሳቅ ያጅባታል። ተዋናይት ይህ ዕድል የላትም። ባሏን የከዳች ሴት ሆና ስትጫወት፣ ከድርሰቱ ወጥታ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ማለት አትችልም። የኪነት ሰው በ«አዝማሪ»ነቱ በሚናቅበት ዘመን የገጸ ባሕርይዋን ነውር በራሷ ስም መሸከም ነበረባት።

ሌላው ክርክር «እሷ ባትጀምረው ሌላዋ ትጀምረው ነበር» የሚለው ነው። ይሆናል። ለንደን ውስጥ ሴቶች በ1660 እ.ኤ.አ. መድረክ ላይ የወጡት ንጉሡ ቴአትር ቤት እንዲከፈት ከፈቀደ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ግን ዋናው አጥር ይሉኝታ ነበር። ይሉኝታን ደግሞ አዋጅ አያነሣውም፤ «ሰው ምን ይለኛል» ሳትል ቀድማ የምትወጣ ሴት ያስፈልጋል።

የብራዚሏን ፈርናንዳ ሞንቴኔግሮን እዚህ ላይ ማንሣት ይጠቅማል። እሷም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በቴአትር ነው ስሟን የተከለችው፤ ዓለም ያወቃት ግን በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣ ፊልም ለኦስካር ስትታጭ ነው። ካሜራው ትወናዋን ለትውልድ አቆየው። አስናቀችን በሰፊው የያዘው የራሔል ሳሙኤል ዘጋቢ ፊልም ለዕይታ የበቃው እሷ በመስከረም 2004 ዓ.ም ካረፈች በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን የወጣትነት ትወናዋን መልሶ ሊያሳየን አይችልም። ለዚህ ነው የባሕር ዳሩ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልም ሆነ ሌሎቹ ቤቶች የሚያቀርቡትን ተውኔት ሁሉ ከመጀመሪያው ምሽት አንሥተው መቅረጽ ያለባቸው።