ያለ ቤዛ የተለቀቀው የጆርጂያ መስፍን

በሱረቱ ሙሐመድ አንቀጽ 4 ምርኮኛን በተመለከተ ሁለት መንገዶች ተጠቅሰዋል፦ በችሮታ መልቀቅ (መንን) እና በቤዛ መልቀቅ (ፊዳእ)። የመስፍኑ ሊፓሪት ታሪክ የመጀመሪያውን መንገድ ለማስተማር ይጠቅማል።

ሊፓሪት በጆርጂያ የክልደካሪ ገዥ ሲሆን፣ በስም የንጉሥ ባግራት 4ኛ ተገዥ፣ በተግባር ግን ተቀናቃኙ ነበር። በ440 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1048) ከቢዛንታይን ጦር ጋር ተሰልፎ በካፔትሮን ሲዋጋ በሰልጁቆች እጅ ወደቀ። ኢብኑል አሢር «የአብኻዝ ንጉሥ» ይለዋል፤ የጆርጂያ ዜና መዋዕል ግን ንጉሡ ባግራት እንደነበረ ያሳያል። የአንዱን ወገን ምንጭ በሌላው መመርመር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

እንደ ኢብኑል አሢር ዘገባ፣ ምርኮኛው 300,000 ዲናርና 100,000 ዲናር የሚያወጣ ስጦታ ቢያቀርብም ማራኪው ኢብራሂም ዪናል አልተቀበለም። በኋላ የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት የዲያርበክሩን አሚር ነስር አድ-ደውላን አማላጅ አደረገ፤ ሱልጣን ጡግሪል በግም ያለ ቤዛ ለቀቀው። በምላሹ ንጉሠ ነገሥቱ የቁስጥንጥንያን መስጊድ አደሰ፤ ኹጥባውም በጡግሪል ስም ተደረገ። በዚያ መስጊድ የፋጢሚዩ ኸሊፋ ስም እንዲነሳ በ1027 ውል ተገብቶ ስለነበር፣ ለውጡ ፖለቲካዊ ክብደትም ነበረው።

ሊፓሪት ተመልሶ ከባግራት ጋር መፎካከሩን ቀጠለ፤ በመጨረሻም የገዛ ሰዎቹ ይዘው ለንጉሡ ሰጡት፤ መንኩሶም በቁስጥንጥንያ ሞተ። ታሪኩን ስናስተምር ችሮታውን ከፖለቲካው ነጥለን አናቅርብ፤ ፖለቲካ ስለተቀላቀለበትም ችሮታነቱን አንካድ።