መጣያው የት ነው?

ቶኪዮን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ እንግዳ ብዙ ሳይቆይ ቆሻሻ በእጁ ይዞ ይቆማል። ኦኒጊሪ የሚባለውን የሩዝ ድቡልቡል በልቶ መጠቅለያው ቀርቶታል። ግራ ቀኝ ቢያይ መጣያ የለም፤ መንገዱ ግን አሁን የተጠረገ ይመስላል። «መጣያ ሳይኖር እንዴት ነው የሚጸዳው?» የሚለው ጥያቄ ጃፓንን ከጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች አፍ አይጠፋም።

መጣያ ድሮ ነበር። ማርች 20 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ኦም ሺንሪክዮ የተባለው የሃይማኖት ቡድን አባላት፣ ሰው ወደ ሥራ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ በምድር ውስጥ ባቡሮች ላይ ሳሪን የተባለ የነርቭ መርዝ ለቀቁ። ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተጎዱ። አደገኛ ነገር እንዳይደበቅባቸው ተብሎ መጣያዎቹ ከየጣቢያው ተነሡ። አንዳንዶቹ ውስጥን በሚያሳይ ላስቲክ ተመለሱ፤ ብዙዎቹ እንደወጡ ቀሩ። ሰዉም ቆሻሻውን በቦርሳው ይዞ ቤቱ ይገባል፤ እዚያም የሚቃጠለውን፣ ፕላስቲኩንና ጣሳውን ለይቶ በየቀኑ ተራ ያወጣል።

ልማዱ ግን ከዚያ አደጋ ይቀድማል፤ ሥሩ ትምህርት ቤት ነው። በአብዛኞቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሉን የሚጠርጉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት እጁን እርጥብ ጨርቅ ላይ ጭኖ፣ አጎንብሶ፣ ወለሉን እየገፋ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል። ምሳ ሲደርስ ተረኞቹ ነጭ ሽርጥና ቆብ አድርገው ለጓደኞቻቸው ይጨልፋሉ። በ2022ቱ የኳታር የዓለም ዋንጫ ከጨዋታ በኋላ ስታዲየም ሲያጸዱ የታዩት ደጋፊዎች በዚህ ያለፉ ናቸው። «ጃፓኖች ሲፈጠሩ ንጹሕ ናቸው» ማለት የመምህራኖቻቸውን ድካም መካድ ነው። ግብፅ ይህን ስለተረዳች ከ2018 ጀምሮ በዚሁ ዘዴ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ከፍታለች።

የጠፋ ቦርሳ ገንዘቡ ሳይነካ መመለሱም እንዲሁ ብዙ ያስገርማል። ታማኝነቱ እውነት ነው፤ አጠገቡ ግን ሕግ ቆሟል። በየሰፈሩ ኮባን የሚባል ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ ስላለ፣ ያገኘ ሰው ብዙ ሳይደክም ያስረክባል። ባለቤቱ ከመጣ አግኚው ከዋጋው ከ5 እስከ 20 በመቶ ወሮታ መጠየቅ ይችላል። በሦስት ወር ውስጥ ካልመጣ ገንዘቡ የአግኚው ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ስለ ስም ነው። በጃፓን የተጋቡ ሰዎች አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 750 ያስገድዳል። የባል ወይም የሚስት ይሁን ብሎ ምርጫውን ለሁለቱ ይተዋል፤ ሆኖም ከ100 ጥንዶች በ95 ያህሉ ስሟን የምትለውጠው ሴቷ ናት። አግብታም በአባቷ ስም ለምትጠራ ኢትዮጵያዊት ይህ እንግዳ ነገር ነው። ጃፓናዊቷ ካገባች በኋላ ፓስፖርቷን፣ መንጃ ፈቃዷንና የባንክ ደብተሯን ሁሉ ይዛ ከመስኮት መስኮት ትዞራለች። መሥሪያ ቤቷ በቀድሞ ስሟ ሲጠራት፣ ባንኩ በአዲሱ ይጽፋታል። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015ም በ2021ም ሕጉ ጸንቷል፤ ይለወጥ የሚሉት ግን ዛሬም ዝም አላሉም። የውጭ አገር ሰው ያገባች ጃፓናዊት ስሟን እንደያዘች መኖር ትችላለች፤ ግዴታው የሚመጣው የአገሯን ልጅ ስታገባ ነው።